በዲዳዋ ደሴት የቀረው ድንጋይ

የማወጋችሁ ነገር በእኔ በሌዎባርዶ ኮታ ላይ የደረሰ ነው። ከሰው አልሰማሁትም። በሕልሜም አላየሁትም።

ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ከባሕር ኃይል ትምህርት ቤት በማዕረግ ተመርቄ አርባ ዓመት ሙሉ መርከብ መርቻለሁ። የጠንቋይ ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ በአጉል እምነት ስስቅ የኖርሁ ሰው ነኝ።

ዛሬ ግን ሰዎች በሚቆጠሩበት ቦታ አልቆምም...

የካቲት ወር፣ ማክሰኞ ቀን ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ከዲዳዋ ደሴት ፊት ለፊት መልህቅ ጣልን።

ከወደባችን ከላ ፓዝ ከወጣን ሦስተኛ ቀናችን ነው። መርከቤ ትንሽ ናት፤ አሥራ ስምንት እንግዶችና ስድስት ሠራተኞች ነበርን። በድምሩ ሃያ አራት ነፍስ። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

እንግዶቹ የሚመጡት በረሃው ባሕሩን የሚነካበትን ዳርቻ ለማየት፣ ዓሣ ነባሪውንና የባሕር አንበሳውን በቅርብ ለመመልከት ነው። የምታስጎበኛቸው ልጄ ዳማሪስ ናት። የሠላሳ ሦስት ዓመት ሴት። እናቷ ካረፈች ወዲህ በዚህ ዓለም ከእርሷ በቀር ማንም የለኝም።

ዲዳዋ ላይ አንዲት ጠብታ የሚጠጣ ውኃ አይገኝም። ድንጋይ፣ ቁልቋል፣ የዛጎል ስብርባሪ... ሌላ ምንም የለም።

ዓሣ አጥማጆቻችን በዚያች ደሴት ላይ አንድ ልማድ አላቸው። የወረደ ሰው ሁሉ ከዳርቻው አንድ ጠጠር አንስቶ ማረፊያው ላይ ባለው ትልቅ ቋጥኝ ላይ ያኖራል። ሲመለስ ያንኑ የራሱን ጠጠር አንስቶ ወደ ባሕር ይወረውራል። ጠጠሩን ሳያነሳ የሚሄድ የለም።

ለምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ መረባቸው ይመለሳሉ።

ዳማሪስ ይህን ልማድ የተማረችው ከክርስትና አባቷ ከቻቶ ነው። ቻቶ ፓንጋ የምንላትን ባለሞተር ጀልባ የሚነዳልኝ፣ የሠላሳ አምስት ዓመት ባልደረባዬና አበልጄ ነው።

እኔ ግን ሰሌዳ ነበረኝ።

ሰሌዳውን በገዛ እጄ አበጅቼ በመርከቡ መውረጃ በር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሃያ አራት ክብ ቆርቆሮዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ስም ተጽፏል፤ በአንድ ፊቱ ነጭ፣ በሌላው ቀይ ነው። ከመርከብ የሚወርድ ሰው የራሱን ቆርቆሮ ወደ ቀይ ይገለብጣል። ሲመለስ ወደ ነጭ ይመልሰዋል። የሌላውን ሰው ቆርቆሮ መንካት ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሰሌዳው በሙሉ ሲነጣ መልህቅ ይነሳል። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳተም።

በዚያ ጠዋት በመጨረሻዋ ጀልባ ከዳርቻው ስደርስ፣ እንግዶቹ እየተሳሳቁ ቋጥኙ ላይ ጠጠር ሲደረድሩ አገኘኋቸው።

«ካፒቴን!» አለ ኢንጂነር ኡባልዶ። ከሞንቴሬይ የመጣ፣ ሆዱም ሳቁም ሰፊ የሆነ እንግዳችን ነው። «ልጅዎን ያስተማሩት ዩኒቨርሲቲ ነው ወይስ ጠንቋይ ቤት?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ።

«ዳማሪስ፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ልማድ ነው አባዬ። ማንንም አይጎዳም።» እጇን ዘርግታ ጠጠሯን አሳየችኝ። ጥቁር ነው፤ ዙሪያውን ነጭ መስመር እንደ ቀለበት ዞሮታል። «አያምርም? አንተም አንድ አንሳ።»

«ካፒቴን ጠጠር አይለቅምም።»

«አንሳ እንጂ አበልጄ!» አለ ቻቶ ከጀልባው ሆኖ። «ኮፍያህን በካውያ ስለተኮስህ ደሴቲቱ የምታፍርህ መሰለህ?»

ደግመው ሳቁ። የአሁኑ ሳቅ በእኔ ላይ ነበር።

ዳማሪስ ጠጠሯን ከሌሎቹ ጋር አኖረች። እኔም ክንዴን ቋጥኙ ላይ አሳርፌ... ሁሉንም ጠረግኋቸው።

ሃያ ጠጠሮች እየተንኳኩ ወርደው ከሺህ ጠጠሮች ጋር ተቀላቀሉ።

የልጄ ፊት ተለወጠ።

«አባዬ...» አለች በሹክሹክታ። «አሁን የማን የማን እንደሆነ በምን ይለያል?»

«በሰሌዳው» አልኋት።

እንግዲህ የሠራሁት ስሕተት ይህ ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ የሰሜኑ ነፋስ ተነሳ። ሰሜኑ ሲነሳ ዲዳዋ ፊት መርከብ አይቆምም፤ ማዕበሉ ገፍቶ ከቋጥኝ ጋር ያላትመዋል። እኔ ቀድሜ ወደ መርከቡ ተመልሼ በሬዲዮ ጠራኋቸው። ቻቶ እየተጣደፈ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ።

ወደ ሰሌዳው ሄድሁ። ሁሉም ነጭ።

የዳማሪስም ነጭ ነበር። ከእርሷ ቆርቆሮ ላይ ብቻ ውኃ ይንጠባጠባል... ልብ አላልሁትም።

«መልህቅ አንሱ!»

ሰባት ሰዓት ሲሆን ምሳ ቀረበ። ወጥ ቤታችን ዶኛ ኩካ የዓሣ ሾርባ እየዞረች ትቀዳ ነበር።

«ካፒቴን፣ ዳማሪስ ዛሬ ጾመኛ ሆነች እንዴ?»

«የት አለች?»

«እኔ ምን አውቄ። ከደሴቲቱ ከተመለሳችሁ አላየኋትም።»

ክፍሏን አንኳኳሁ። ባዶ። የሞተሩ ክፍል... ባዶ። የላይኛው ሰገነት... ባዶ።

ቻቶን ወደ ጥግ ሳብሁት።

«ከአንተ ጋር ነው የመጣችው?»

«አዎን፣ በመጨረሻው ዙር። ከፊት ተቀምጣ።»

«ምን አለችህ?»

«ምንም። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንድትስቅልኝ ባንተ ኮፍያ ቀለድሁ። ዞር ብላም አላየችኝ። ተቀይማለች ብዬ ተውኋት።»

«ቆርቆሮዋን ስትገለብጥ አይተሃታል?»

«በእነዚህ በሁለት ዓይኖቼ።»

ሰዉን ሁሉ ሰገነቱ ላይ አሰለፍሁ። ቻቶ በጣቱ እየጠቆመ ቆጠረ።

ሃያ አራት።

እፎይ አልሁ። የመዝገቡን ወረቀት አንስቼ ስም ጠራሁ። እያንዳንዱ «አለሁ» አለ። «ዳማሪስ» ስል ግን መልስ የለም።

ሃያ አራት ራስ... ሃያ ሦስት ስም።

«እንደገና ቁጠር።»

«...ሃያ ሁለት። ሃያ ሦስት። ሃያ አራት።» ቻቶን ላብ አጠመቀው።

«አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጥረሃል!»

«አልቆጠርሁም አበልጄ። በእናቴ አጥንት።»

ራሴ ቆጠርሁ። ሃያ አራት። እያንዳንዱን ፊት መረመርሁ። የማላውቀው ፊት የለም። ቢሆንም ሃያ አራት ነበርን።

ኢንጂነር ኡባልዶ ማንኪያውን እንደያዘ መሳቁን ተወ።

በዚያው ቅጽበት ወገቤ ላይ ያለው ሬዲዮ ተንሿሿ።

«አባዬ...»

«ዳማሪስ! የት ነሽ?»

«ዳርቻው ላይ ነኝ። ጠጠሬን አጣሁት።»

ግድግዳውን ያዝሁ።

«ሁሉም የራሱ የመሰለውን አንስቶ ሄደ» አለች እያለከለከች። «እኔ የኔን ስፈልግ ጀልባዋ ተነሳች። ጮኽሁ፤ በሬዲዮም ጠራሁ፤ የሰማኝ የለም። ግን... በቦታዬ ላይ ሰው ተቀምጧል፣ አባዬ። የኔን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሷል።»

«ልጄ፣ የትኛውንም ጠጠር ያዢና ወደ ከፍታው ውጪ! ሰሜኑ ውኃውን እያመጣብሽ ነው።»

«ሞክሬአለሁ። ከቋጥኙ አሥር እርምጃ ስርቅ እግሬ ይቆማል። እሺ አይለኝም።» አለቀሰች። ከእናቷ ቀብር ወዲህ ስታለቅስ አልሰማኋትም። «ሁሉንም አንድ በአንድ አነሳኋቸው። የኔ የለም። አባዬ... ና። ውኃው ደረሰብኝ።»

ሬዲዮው ጸጥ አለ።

መርከቡን አዞርሁ። የአሥራ ስምንት እንግዶች አደራ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ በዚያ ነፋስ ወደ ዲዳዋ መመለስ ወንጀል እንደሆነም አውቃለሁ። አዞርሁት።

አንድ ሰዓት የሄድንበትን መንገድ ለመመለስ ሦስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። በየአምስት ደቂቃው ጠራኋት። «ዳማሪስ፣ አባትሽ ነኝ፣ መልሺልኝ።» የሚመልስልኝ የነፋሱ ፉጨት ብቻ ነበር። ጸሎት ከተውሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚያ ቀን ግን መሪውን እንደያዝሁ ለመንሁ። የማውቃቸውን የቅዱሳን ስሞች ሁሉ ጠርቼ ስጨርስ ከመጀመሪያው ጀመርሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ደረስን።

የባሕር አንበሶች ጩኸት ከሩቅ ነው የሚሰማው። በዚያ ቀን አንዱም አልጮኸም። ስንቀርብ አየኋቸው... መቶ ይሆናሉ። ሁሉም ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ወደ ማረፊያው ቋጥኝ ያያሉ። አይንቀሳቀሱም።

መርከቡን ነፋስ በማይደርስበት በደሴቲቱ ጀርባ አቁሜ ለምክትሌ አስረከብሁ። ቆርቆሮዬን ወደ ቀይ ገለበጥሁና ከቻቶ ጋር በፓንጋ ወረድሁ።

የደሴቲቱን አፍንጫ እንደዞርን ሬዲዮው ተንሿሿ። ዶኛ ኩካ ናት። ታንሾካሹካለች።

«ካፒቴን... ዳማሪስ እዚህ ናት።»

ቻቶ ሞተሩን ቀዝቀዝ አደረገው።

«የት?»

«ምግብ ቤት። ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። ከየት እንደመጣች አላየሁም። ኢንጂነሩ ከጎኗ ሆኖ እያጫወታት ነው... ምንም አላስተዋለም።»

«ፊቷን አይተሻል?»

«አይቻለሁ። እርሷ ናት። እርሷ ትመስለኛለች...» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ጫማ የላትም። ከእግሯ የሚወርደው ውኃ አላቆም አለ። የግራ እጇንም አትከፍተውም ካፒቴን። ጨብጣለች።»

«ጉድ ነው!» አለ ቻቶ። ፊቱ አመድ መስሏል። «አበልጄ፣ እንመለስ ወይስ እንቅረብ? ይቺ ጀልባ ይህን ማዕበል አንድ ጊዜ ነው የምትችለው። ሁለተኛ ዕድል የለንም።»

ወደ ዳርቻው አየሁ። ቋጥኙ ሥር አንዲት ሴት በውኃ ውስጥ ተንበርክካለች። ጀርባዋ ነው የሚታየኝ። ጎንበስ ትላለች፣ ታነሳለች፣ ታያለች፣ ትጥላለች። ጎንበስ ትላለች፣ ታነሳለች...

አንዷ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጣለች። ፊቷ የልጄ ፊት ነው። ሌላዋ ማዕበል ውስጥ ናት፤ ፊቷን አላየሁትም።

«ቅረብ!» አልሁት። «ልጄ እዚያ ወንበር ላይ ብትሆን ኖሮ እጇን ትከፍት ነበር።»

ማዕበሉ ከፍ ሲያደርገን ዘለልሁ። ውኃው እስከ ደረቴ ደረሰ። እየወደቅሁ እየተነሳሁ ቋጥኙ ጋ ደረስሁ።

«ዳማሪስ!»

ዞረች። ልጄ ናት። ጥፍሮቿ ተነቃቅለዋል፤ ጣቶቿ ይደማሉ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል።

«ይህም የኔ አይደለም» አለችኝ፤ በመዳፏ አንድ ጠጠር አሳየችኝ። «ይህም አይደለም። አባዬ፣ አግዘኝ።»

ብብቷ ሥር ይዤ ጎተትኋት። አሥረኛው እርምጃ ላይ እግሯ ቆመ። ተራራ የምጎትት መሰለኝ። በሙሉ ኃይሌ ሳብሁ፤ በሕመም ጮኸች። ለቀቅኋት።

ውኃው አገጯ ጋ ደረሰ።

«አበልጄ!» ይጮኻል ቻቶ። «ቶሎ! ጀልባዋ ልትሰበር ነው!»

ቋጥኙ ባዶ ነበር። ጠዋት በክንዴ የጠረግሁት ያ ቋጥኝ፣ ንጹሕ፣ ልሙጥ... አንድ ነገር የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

አቀርቅሬ ከውኃው ሥር እጄ የነካውን ጠጠር አነሳሁ። ተራ ግራጫ ጠጠር ነው።

ዳማሪስ ምን ላደርግ እንደሆነ ገባት።

«አባዬ፣ እንዳታደርገው! የሚያነሳልህ የለም! አባዬ!»

«የኔ ነው» አልሁ። ለማን እንደተናገርሁ አላውቅም። «ይህ የሌዎባርዶ ኮታ ነው። እርሷን ልቀቋት።»

ቋጥኙ ላይ አኖርሁት።

የባሕር አንበሶቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጮኹ።

ልጄ እንደ ላባ ቀለለችኝ። ተሸክሜያት ሮጥሁ። አሥረኛው እርምጃ ላይ የእኔ እግር ይቆማል ብዬ ነበር... አልቆመም። ቻቶ ሁለታችንንም በአንገትጌ ይዞ ወደ ጀልባው ወረወረን።

ምንም አልሆንሁም። ቢያንስ ያን ጊዜ እንደዚያ መሰለኝ።

መርከቡ ላይ ስንደርስ ዶኛ ኩካ መውረጃው በር ላይ ቆማ ትጠብቀን ነበር። ልጄን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት፤ ከዚያ የሁለቱንም እጆቿን ጣቶች አንድ በአንድ ዘርግታ አየች።

«የባሕር አንበሶቹ ሲጮኹ ተነሳች» አለችኝ በጆሮዬ። «በበሩ አልወጣችም። ግን የለችም።»

ምግብ ቤቱ ገባሁ። ወንበሩ ውኃ ብቻ ነው። ሳሕኑ ውስጥ፣ የቀዘቀዘው ሾርባ መካከል፣ ጥቁር ጠጠር ተቀምጧል። ዙሪያውን ነጭ መስመር እንደ ቀለበት ዞሮታል።

«ይህ የኔ ነው» አለች ዳማሪስ። አንስታ በመስኮቱ ወደ ባሕር ወረወረችው።

ቆርቆሮዬን ወደ ነጭ ገለበጥሁ። ሰሌዳው በሙሉ ነጣ። ነገር ግን በሰሌዳ ማመን አብቅቶ ነበርና ሁሉም ሰገነቱ ላይ እንዲሰለፍ አዘዝሁ። በዳማሪስና በዶኛ ኩካ መካከል ቆምሁ።

ስም ጠራሁ። ሁሉም «አለሁ» አለ። በመጨረሻ የራሴን ስም ጠርቼ «አለሁ» አልሁ። ሃያ አራት ስም።

«አሁን ቁጠር» አልሁት ቻቶን።

ቆጠረ። ፈገግ ብሎ ጀመረ፤ ሲጨርስ ግን ፈገግታው የለም።

«ሃያ ሦስት።»

«እንደገና።»

አሁን ጣቱን በዓይኔ ተከተልሁት። ኢንጂነሩ ላይ አረፈ። ዳማሪስ ላይ አረፈ። ከዚያ... ዶኛ ኩካ ላይ አረፈ።

«ቻቶ፣ እኔን ዘለልኸኝ።»

«ኧረ አልዘለልሁህም አበልጄ! ስቆጥርህ እያየኸኝ?»

«እንደገና ቁጠር።»

ኢንጂነሩ። ዳማሪስ። ዶኛ ኩካ።

ሃያ ሦስት።

ዳማሪስ በሚደሙት ጣቶቿ እጄን አጥብቃ ይዛለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«አባዬ...» አለች ቀስ ብላ። «ኮፍያህስ?»

ራሴን ዳበስሁ። የለም።

የሩቅ ማያውን መነጽር ከአንገቴ አንስቼ ወደ ደሴቲቱ አዞርሁት። ምክትሌ መርከቡን ወደ ክፍት ባሕር አውጥቶት ስለነበር ማረፊያው በሩቁ ይታያል። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ውኃው ቋጥኙን ሊውጠው አንድ ክንድ ቀርቶታል።

ቋጥኙ ላይ ሰው ቆሟል።

ወገቡ ቀጥ ያለ ሽማግሌ ነው። በካውያ የተተኮሰ ነጭ ኮፍያ ደፍቷል።

ጣቱን ወደ መርከቡ ቀስሮ... አንድ በአንድ ይቆጥረናል።